የጃለታ ካሴት

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቶሎሳ ከአልጋው ሥር ሦስት ካርቶን ካሴት ጎትቶ አወጣና ሳሎኑ መሀል ዘረገፈው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ ሁሉን ነገር በደብተር መያዝ ይወዳል። እያንዳንዱን ካሴት በጨርቅ እየወለወለ፣ የት እንደገዛው፣ ዘፋኙን የት አዳራሽ ሄዶ እንዳየው፣ አጠገቡ ማን ተቀምጦ እንደነበር ሳይቀር ይጽፋል። ስታዲየም ዝናብ ሲደበድበው የዋለበት ቀን አለ። ትኬት አልቆ በጓሮ አጥር የዘለለበት፣ ሱሪው የተቀደደበት ቀንም አለ። የገባባቸው ትኬቶች እስካሁን በከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጠዋል።

የዛሬው ቆጠራ ግን ለጨዋታ አይደለም። አሥር ሰዓት ላይ ርሆቦት ትመጣለች። የጓደኛው የጃለታ ልጅ ናት፤ ጳውሎስ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። አባቷ የሞተው እሷ የስድስት ወር ሕፃን ሳለች ነው። በሚቀጥለው ወር ልታገባ ነው፤ ወደ አዳራሹ ስትገባ የአባቷ ሳክስፎን እንዲሰማ ትፈልጋለች። ጃለታ ሲነፋ የተቀዳው ደግሞ በአንድ ካሴት ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ያለው ቶሎሳ ጋ ነው። በስልክ "ነይ ልጄ፣ እንዳስቀመጥኩት አለ" ብሏታል።

በ1989 ዓ.ም. የፋሲካ ማግስት ነበር። የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው መብራት ጠፋ። ጊታሩም ኦርጋኑም ድምፅ ማጉያውም ጭጭ አሉ። ጃለታ ግን ሳክስፎኑን ከአፉ አላወረደም። በጨለማ ብቻውን ሃያ ደቂቃ ያህል ነፋ። ሰው ማጨብጨብ እንኳ ረስቶ ነበር። የቶሎሳ ቴፕ በባትሪ ድንጋይ ይሠራ ስለነበር አንዲት ትንፋሽ አላመለጠችውም። በማግስቱ ካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች በቢላዋ ሰበራቸው፤ እነሱ ከተሰበሩ ማንም በስህተት አይቀዳበትም።

አሁን ካሴቱን አግኝቶ ሲያገላብጠው ደሙ ፈላ። ሁለቱም ቀዳዳዎች ወረቀት ተወትፎባቸዋል። ይህ ለምን እንደሚደረግ የማያውቅ የእሱ ዘመን ሰው የለም፤ ቀዳዳው ሲደፈን እንደገና ይቀዳበታል። አንዱን ወረቀት በጥፍሩ ጎልጉሎ አወጣና ዘረጋው። ሐምራዊ የማባዣ ቀለም አለበት። ሚስቱ ደሳለች የቤተ ክርስቲያን መዘምር ሳለች ትይዘው ከነበረው የመዝሙር ወረቀት የተቀደደ ነው።

"ደሳለች!"

እጇን እየጠረገች ከጓዳ ወጣች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ወረቀቱን አየች፣ ካሴቱን አየች፣ እጇን መጥረጓን ቀጠለች። ይህ ይባስ አናደደው።

"ጌታን እንቀበል አልሽ፣ እሺ አልኩ። ዘፈን አይከፈት አላችሁ፣ እሺ ብዬ አልጋ ሥር ከተትኩት። የሞተ ሰው ትንፋሽ ላይ ትቀጂበታለሽ? ባዶ ካሴት ከመርካቶ ጠፍቶ ነው?"

"እኔ አልቀዳሁበትም።"

"እና አይጥ ናት የቀዳችበት?"

"ክፈተውና ስማው፣ በቃ።"

"ምኑን ነው የምሰማው? ያንተን... ያንቺን ኳየር?"

ከንዴቱ የተነሳ ምላሱ ተሳሰረ። ቢሆንም አላቆመም። ሰውዬው ለካሴቱ ደብተር ይፈልጋል እንጂ የሚስቱን ጥፋት በቃሉ ነው የያዘው። ወንድሙ ሠርግ ላይ አልጨፍርም ያለችውን፣ የዘፋኞቹን ፎቶ ከግድግዳ ያወረደችበትን፣ ሃያ ዓመት ያለፈውን ሁሉ እየጎተተ አመጣባት። ርሆቦት በሩን ያንኳኳችው እሱ እየጮኸ ሳለ ነበር።

"ግቢ ልጄ። ጉድ ሆነናል" አላት፣ ገና ሳትቀመጥ። "እትዬ ደሳለች የአባትሽን ድምፅ አጥፍታብናለች።"

በእንግዳ ፊት! ደሳለች ዓይኗ እንባ ሞላ። ቴፑን ከቁም ሳጥኑ አናት አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሶኬቱን ሰካች።

"ጋሼ፣ እስቲ እንስማው" አለች ርሆቦት። "የተረፈ ነገር ይኖር ይሆናል።"

ቶሎሳ እያጉረመረመ ካሴቱን ከተተና ማጫወቻውን ተጫነ። መጀመሪያ ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ የጎልማሳ ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጌታ ይባረክ። ስሜ ቶሎሳ ይባላል። ጌታን ካገኘሁ ሁለት ወሬ ነው። ይህን ምስክርነት የምቀዳው የዓለም ዘፈን በነበረበት ካሴት ላይ ነው። ሆን ብዬ ነው፤ ሰይጣን ይፈር!"

በር ሲከፈት ተሰማ። ራቅ ብሎ የሴት ድምፅ መጣ፦

"ቶሎሳ፣ እሱን እኮ ተወው፤ የጃለታ ነው። ልጅ አለችው።"

"ዝም በይ አንቺ!"

ምስክርነቱ ቀጠለ።

ቶሎሳ ሁሉም ነገር ትዝ አለው። ያን ሰሞን እንደ እሳት ነበር፤ ለጸሎት ኅብረቱ ምስክርነት ሊያሰማ ቸኩሎ፣ ወረቀቱን ከደሳለች የመዝሙር ማህደር ቦጭቆ የወተፈው በገዛ እጁ ነው። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ረስቶት ሰው ይከሳል። እሷ አልረሳችም፤ አንድም ቀን አላነሳችበትም። ንዴቱ አልበረደም፤ አሁን ግን የሚናደደው በራሱ ነበር። ጥርሱን ነክሶ አቀረቀረ።

ካሴቱን በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻው ሰሙት። ስብከት፣ ሳል፣ ደግሞ ስብከት። ከሳክስፎኑ አንዲት ድምፅ አልተረፈችም።

ርሆቦት አላለቀሰችም። ስልኳን አውጥታ መቅጃውን ከፈተችና ቴፑ አጠገብ አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ ወደ መጀመሪያው ይመልሱልኝ። የአባቴ ስም ያለበት ጋ።"

"ልጄ፣ እዚያ ጋ እኮ..."

"ሌላ ቦታ ላይ የለም።"

መለሰው። "የጃለታ ነው። ልጅ አለችው" አለች የያኔዋ ደሳለች። "ዝም በይ አንቺ!" አለ የያኔው ቶሎሳ። ርሆቦት ስልኳን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

"የእርስዎ ድምፅ ገባብኝ። ሳይገባ ልቁረጠው፤ አንዴ ይድገሙልኝ።"

ደገመላት። አሁንም ገባባት። ሦስተኛ ጊዜ መለሰው። "ዝም በይ አንቺ!" አለ ቴፑ። ደሳለችም ማዶ ወንበር ላይ ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር።