ቅጠል ነዋ!

ሾፌር የሌላት መኪና ጋምቤላ ስትገባ ከተማው ሁሉ ሊያያት ተንጋጋ፤ እኔ ግን ፊቴን አዞርኩ። ኢታንግ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት አምቡላንስ የነዳ ሰው ምን ልትነግረው ነው?

ሥራዋ እየተመላለሰች መንገዱን መቃኘት ነው። ደህና ከሆነ ጋምቤላ ለሷ በተከፈተው ቢሮ ያለው ስክሪን አረንጓዴ ይሆናል፣ ካልሆነ ቀይ። እሷን ተከትሎ ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ አቤኔዘር ይባላል፤ ጫማው ጭቃ አያውቅም።

አንድ ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ ያዘኝ። «ጋሽ ዘገየ፣ አስፋልት ላይ ቅጠል ባየች ቁጥር መኪናችን ትቆማለች። ቅጠሉ ምንድን ነው?»

ቅጠል ከተነጠፈ ወደፊት የቆመ መኪና ወይም የተበላሸ መንገድ አለ ማለት እንደሆነ ረዳት እንኳ ያውቃል። ዲግሪ ደራርቦ ይህን መጠየቁ አሳቀኝ። «ቅጠል ነዋ! ፍየል ይበላዋል» አልኩት። አመስግኖ ጻፈው። ሻይ ቤት ድምፁን እያስመሰልኩ ሾፌሮቹን ሳምንት ሙሉ አሳቅኩበት።

ነሐሴ ላይ ኛሬአት የምትባል ሴት ምጥ ጠንቶባት ከኢታንግ ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል ጫንኳት። እናቷ ኛቴኒና ነርሷ የሺአረግ ከኋላ ናቸው።

«ልጁ ተገልብጧል፤ ቶሎ በል» አለችኝ የሺአረግ።

ዝናቡ ሲያወርደው ስላደረ፣ በአስፋልቱ ልምጣ ወይስ በድሮው ጠጠር መንገድ ብዬ ቢሮ ደወልኩ።

«አስፋልቱ አረንጓዴ ነው፤ መኪናዋ አሁን አልፋበት ገባች» አለ አቤኔዘር።

ግማሽ መንገድ ላይ፣ ትንሿ ድልድይ አፍ ጋ ቅጠል ተነጥፏል። አስፋልቱ ከላይ ሲያዩት ምንም አልሆነም። ቆምኩ። ዊዩዋል የሚባል የሰፈሩ ሰው እጁን እያወዛወዘ መጣ።

«አትሂድ! ታች ውሃ በልቶታል፣ ባዶ ነው። የእናንተ ትንሽ መኪና ቅጠል ረግጦ አለፈ። እሱ ቀላል ነው። አንተ ከባድ፣ ትወድቃለህ።»

ተመልሰን በጠጠሩ ዞርን። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ኛሬአት ተረፈች፤ ልጁ ግን አልተረፈም።

አቤኔዘር ሰምቶ ሆስፒታል መጣ። ኮሌታውን አነቅኩት። «ቅጠሉን እያየች እንዴት ታልፋለች?»

ፊቱ አመድ መስሏል። «እርስዎ ቅጠል ነው ሲሉኝ… እንዳትቆምለት አደረግናት።»

ቀልዴን እንደ እውቀት መዝግቦታል። ደደብ ልለው ነበር፤ ኮሌታውን ለቀቅኩት። አፈርኩ።

ኛቴኒ መጥታ ሁለቱንም እጆቼን ያዘች። «እግዜር ይስጥህ። አንተ ጎበዝ ሾፌር። ልጄን አዳንክ።»

አቤኔዘር አጠገባችን ቆሞ ነበር። ኮሌታውን አስተካክሎ ለኛቴኒ ወንበር ሳበላት።