የማይሄድ ባቡር ድምፅ

እማዬ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ከጓዳ የባቡር ድምፅ እሰማለሁ ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። እኔ የራዲዮና የማራገቢያ ጠጋኝ ነኝ፤ ድምፅ ካለ መነሻ አለው ባይ ነኝ። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ግን መነሻ መፈለግ አልፈለገችም።

«እናታችን ጨርቋን ሳትጥል ወደ ቤቴ እወስዳታለሁ» አለችኝ። «አንተ እንደሆንክ ቀኑን ሙሉ ሱቅህ ውስጥ ተወሽቀህ ትውላለህ። ማን አላት?»

«እኔ አለኋት።»

«አንተማ ለራስህም የለህም።»

ተናደድኩ፤ የተናደድኩትም እውነቷን ስለሆነ ነው። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። በር ስከፍት «መጣህ?» የምትለኝ እማዬ ብቻ ናት። እሷን ከወሰዱብኝ ያ ቤት ግድግዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ጓዳ ያለውን መጫወቻ ባቡር ጠግኜ እፊቷ ላስኬደው፣ «ይኸው የባቡሩ ድምፅ፣ አንቺ የምትሰሚው ሌላ ነው» ልላት ቆረጥኩ። እሷም ልቧ ያርፋል፣ እትዬም ትተወናለች።

ባቡሩ አባቴ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ያመጣው መጫወቻ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ጥቁር፣ ከጫማ የማይበልጥ፣ ሲያነሱት ግን የሚከብድ። ሐዲዱን በጓዳው ወለል ዙሪያ ዘርግቶ በሚስማር መትቶታል። የሁላችን ታናሽ፣ ሚጢ የምንላት እህታችን፣ ገና በልጅነቷ ትኩሳት ከወሰዳት ወዲህ ግን ማንም አልነካውም። አባቴ «ተበላሽቷል» ይል ነበር። ምኑ እንደተበላሸ ስንጠይቀው ፊቱን ያዞራል። እንዲሁ እንዳዞረ ሞተ።

አንድ ቀን ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ገባሁ። እማዬ ሳሎን ልብስ ታጥፋለች። በቀጥታ ወደ ጓዳ አልፌ ለባቡሩ ኃይል የሚሰጠውን ትራንስፎርመር ላነሳ እጄን ብሰድ፣ ሞቋል። ገመዱ ግን ከግድግዳው ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። አይጥ ነው እንዳልል አይጥ ገመድ አይሰካም።

ገመዱን ሰካሁትና ማብሪያውን አዞርኩ። ባቡሩ ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ እዝዝዝ አለ እንጂ። ቀጭን ድምፅ ነው፣ አፉን ገጥሞ የሚያንጎራጉር ልጅ የሚመስል። ሚጢ ሥዕል ስትሥል እንደዚያ ታንጎራጉር ነበር። ቀልቤ ተገፎ ቶሎ አጠፋሁት።

ባቡሩን ሳሎን መስኮቱ ሥር ወዳለው ጠረጴዛ ወስጄ ፈታሁት። እማዬ ልብሷን ትታ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ለሞተሩ ኃይል የሚያቀብሉት ካርቦኖች ደህና ናቸው። ግራሶው እንደ ሙጫ ደርቋል፤ በአልኮል አጠብኩት። የማርሾቹ ጥርሶች ጤነኛ ናቸው። የመዳብ ሽቦው ጥቅል ግን የተቃጠለ ይሸታል። እንዲህ የሚሸተው መሽከርከር ያቃተው ሞተር ላይ ኃይል ሲለቀቅበት ነው፣ ያውም ደጋግሞ። መንኮራኩሩን በጣቴ ብገፋው እምቢ አለኝ። ገልብጬ በአጉሊ መነጽር ሳየው ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ነገር አለ። ክር መሰለኝ። በወረንጦ ጫፉን ሳብ ሳደርገው ረዘመ፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የልጅ ፀጉር።

«የሷ ነው» አለች እማዬ። ድምፅዋ አልተረበሸም። «ወለሉ ላይ ጋደም ብላ፣ ጉንጯን ሐዲዱ አጠገብ አድርጋ ነበር የምታየው። ወደኔ እየመጣ ነው ትላለች። አንድ ቀን ፀጉሯን ያዘው። አባትህ በመቀስ ቆርጦ አስለቀቃት፤ እሷማ ስትስቅ ነበር። ያንኑ ሰሞን ታመመች። ከዚያ በኋላ በምን አንጀቱ ይፍታው?»

«እማዬ፣ ገመዱን የምትሰኪው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪን?»

«እሰማለሁ አልኳችሁ። ምን እንደምሰማ ማን ጠየቀኝ?» እጇን ባቡሩ ላይ አሳረፈች። «ስሰካው እዝዝ ትላለች። ልትመጣ ትፈልጋለች፣ ግን ተይዛለች። እኔ መፍታት አላውቅ። ዝም ብዬ አጠገቧ እቀመጣለሁ።»

«ልተወው? እንደነበረ ልግጠመው?» አልኳት።

«ፍታት» አለችኝ።

ምላጭ ቢሆን በአፍታ ይገላግለኝ ነበር፤ እጄ ግን ምላጩን አላነሳም አለ። አንድ በአንድ ከዘንጉ እየተረተርኩ መዳፏ ላይ አኖርኩላት። እያንዳንዷን ስትቀበል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደምትል አልጠየቅኳትም፤ ፈርቼ ነው።

ገጥሜ ስጨርስ ጓዳ ገባንና ሐዲዱ ላይ አስቀመጥኩት። ማብሪያውን ሳዞር ሄደ። ቀጭ ቀጭ እያለ ጥጉን ዞረ፣ በአልጋው ሥር አለፈ፣ ተመልሶ መጣ። ደስታዬን ደብቄ መያዝ አልቻልኩም።

«አየሽ? ከእንግዲህ እዝዝታ የለም።»

«አዎ፣ የለም» አለች። ባቡሩን ሳይሆን ከኋላው የቀረውን ባዶ ሐዲድ ነበር የምታየው። «ሄደች። በል አሁን እህትህን ጥራልኝ፣ ዕቃዬን ትሸክፍልኝ።»

«የት ልትሄጂ?»

«እሷ ቤት ነዋ። ልጄን ብቻዋን ጥያት አልሄድም ብዬ እንጂ፣ አባትህ ከሞተ ይህ ቤት መቼ ሞቆኝ ያውቃል።»

«እኔስ፣ እማዬ?» አልኩ። ሽበት ያወጣ ሰው እንደዚያ ብሎ አይጠይቅም፤ እኔ ግን ጠየቅሁ።

ጉንጬን ዳበሰችኝ። «አንተማ ትልቅ ሰው ነህ» አለች። ፀጉሩን በመሐረብ ቋጥራ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

አሁን ከሱቅ ስመለስ በሩን ከፍቼ በቀጥታ ጓዳ እገባለሁ፤ ገመዱን እሰካለሁ። ባቡሩ ይሄዳል። በእጄ ካለፈ ሥራ ሁሉ እንደሱ ያማረልኝ የለም፣ እንከን አታገኝበትም። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አንዴ እንኳ የሆነ ነገር እንዲይዘው፣ አንዴ ቆሞ እዝዝ እንዲል እጠብቃለሁ። ዞሮ ይመጣል፣ አጠገቤ ይደርሳል፣ ያልፋል።