የማይነሳው ጣት

መጀመሪያ ድምፁ ነው የመጣው። ከካው ወንዝ ማዶ፣ ባንዳችን ከሚጫወትበት አሮጌ ወፍጮ ቤት በኩል፣ አንድ የኦርጋን ድምፅ፤ የማይወጣ፣ የማይወርድ፣ ትንፋሽ የማይወስድ። የድልድዩ ብረት እግሬ ሥር አብሮት የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ።

አንድ ገበሬ ፒክአፑን አቀዝቅዞ አንገቱን አወጣ። «አንቺ ቆንጆ፣ ላድርስሽ እንዴ?» ፀጉሬ ትከሻዬን ካለፈ ወዲህ ከኋላ ሲያዩኝ ሴት እንደምመስላቸው ለምጄዋለሁ። በእጄ አመስግኜው ወደ ድምፁ ሄድኩ። ኦርጋን ተጫዋቻችን ቨርሊን ቀድማኝ መጥታለች ማለት ነው።

ስገባ ግን ኦርጋኑ ጋ ማንም የለም። ቨርሊን መስኮቱ ላይ ተቀምጣ ቀይ አይስክሬም ትልሳለች።

«ማነው የሚጫወተው?»

«እኔ ነኛ!» አለች። ምላሷ ቀልቷል።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የሌላ አይስክሬም እንጨት በሁለት የኦርጋኑ ቁልፎች መሃል ሰክታለች፤ አንደኛው ቁልፍ ወርዶ ቀርቷል።

«ለማንም እንዳትናገር» አለችኝ። «ዶይል ይሄ ጣቴ አስማት አለው ብሎ ነው የሚያምነው።»

ዶይል ጊታሪስታችን ነው፤ ምስጢሩን ከእሷ ጋር ለሁለት መያዜ ደስ አለኝ።

ከባንዱ ውስጥ ኮረብታው ላይ ያለውን ዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልረገጥኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ የባንዱ መብራት ሠራተኛ ሆኜ ቀረሁ። በትልቅ የሰዓት መስታወት ላይ ዘይትና የምግብ ቀለም አፈስስና፣ ከትምህርት ቤት በተጣለ ፕሮጀክተር ላይ አስቀምጬ በቀስታ አወዛውዘዋለሁ፤ ግድግዳው መተንፈስ ይጀምራል። ሙዚቃው ላይ አላፊ አግዳሚ አይደለሁም ብዬ ራሴን የማጽናናው በዚህ ነው።

ያ ቀን እሁድ ነበር፤ ከሳን ፍራንሲስኮ አንድ የሙዚቃ ሸክላ አሳታሚ ሊሰማን ይመጣል። ከወደደን ሁላችንም በዶይል መኪና ወደ ምዕራብ እንሄዳለን። እኔ መንገዱን በሐሳቤ ስንት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ከኋላ ወንበር፣ ከቨርሊን ጎን፤ እሷ እንቅልፍ ወስዷት፣ ተራራው በመስኮት እየመጣ። ለእሷ ግን ቃል አልተነፈስኩም።

ዶይል በሩን በእግሩ ከፍቶ ገባ። «ስማ ህልመኛው፣ ዛሬ ደግሞ እንዳታንቀላፋ! ባለፈው ሰማያዊው ቀለም ግድግዳው ላይ ተኝቶ ቀረ እኮ።»

«ሕዝቡ ወዶታል።»

«ሕዝቡማ ባዶ ግድግዳም ይወዳል! ምን ክኒን ውጦ እንደሚመጣ እያወቅክ።»

ቨርሊን ሳቀች። ከዚያ እንጨቷን እያኘከች «ከወደደን በቃ እንሄዳለን? ሁላችንም?» አለች።

«ያላንቺማ የሠርግ ባንድ ነን፣ እመቤቴ!»

እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ የወንዙን ውሃ ስታይ ቆየች።

ከሰዓት በኋላ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋረድናቸው። የዩኒቨርሲቲው ልጆች ከኮረብታው ወርደው ጫማቸውን በር ላይ አወለቁና ወለሉን ሞሉት። የሳን ፍራንሲስኮው ሰው በጨለማው ውስጥ ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ጥግ ይዞ ቆመ። የኦርጋኑ ድምፅ ጀመረ። አረንጓዴውን አፈሰስኩ፤ ቨርሊን የምትወደው እሱን ነው። ግድግዳው ነፋስ የገባበት የስንዴ ማሳ ሆነ፤ ከዚያ የወንዝ ሆድ፤ ከዚያ ስም የሌለው ነገር። ጊታሩ እንደ ወፍ ይዞርና ተመልሶ ያቺ አንድ ድምፅ ላይ ያርፋል። ባለመነጽሩ ሰው ከሙዚቃው ጋር ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። ወደደን።

በዚህ መሃል አረንጓዴዬን አንድ ጥላ አቋረጠው።

የቨርሊን ነው፤ ጥላዋን አውቀዋለሁ። ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ በሩ ታመራለች። ኦርጋኑ ጋ ማንም የለም፤ ድምፁ ግን አለ። ዶይል ዓይኑን ጨፍኖ ለዚያ ድምፅ ፈገግ ይላል። የእንጨቱን ነገር የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

አፌን ከፈትኩ። ስሟን ብጠራ ሁሉም ይዞራል፤ ዶይል ሮጦ ይይዛታል፤ ምናልባት ትቀራለች፤ ምናልባት ያ የኋላ ወንበር አብሮ ይቀርልኛል። እሷ በሩ ጋ ቆማ ወደ መብራቴ ዞረች። ብርሃኑ ዓይኗ ውስጥ ስለገባ እኔን አላየችኝም።

አፌን ገጠምኩ። መስታወቱን ወደ ግራ አዘነበልኩና ቀዩን በሙሉ ገለበጥኩበት። ቀለሙ ከበሩ ሸሽቶ ማዶውን ግድግዳ አጥለቀለቀው። «ኦ!» አለ ወለሉ ሁሉ፤ ዓይን ሁሉ ወደዚያ ሄደ።

ከኋላቸው የቀን ብርሃን እንደ ክር ገባ፣ ሰፋ፣ ጠበበ። በሩ ተዘጋ።

ኦርጋኑ ትንፋሽ ሳይወስድ ይዘምር ነበር።