ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም

አባቴን ከሥራ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። መሥሪያ ቤቱማ ከአምስት ዓመት በፊት ሸኝቶታል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ፓምፕ ሲያስነሳና ሲያጠፋ ኖሮ፣ ምስጋናውን ተቀብሎ ወጣ። እኔ ያስወጣሁት ከሁለተኛው ሥራው ነው፤ ማንም ካልቀጠረው፣ ማንም ካልከፈለው ሥራው።

አባቴና ታናሽ እህቴ የሚኖሩበት ሕንፃ ስምንት ቤተሰብ ይኖርበታል። ውሃው ከጉድጓድ በሞተር ተስቦ ጣሪያ ላይ ወዳለው ታንከር ይወጣል። ሞተሩን በየማለዳው የሚያስነሳው አባቴ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ “አባባ ውሃ” ነው የሚለው። ውሃ ጠፋ ሲባል የሚንኳኳው የእሱ በር ነው፤ እሱም ገና ሳይጠሩት ጫማውን አድርጎ ይጠብቃቸዋል።

ባለፈው ክረምት እርጥብ ደረጃ አንሸራተተውና ጉልበቱን ተመታ። እኔ ደግሞ ችግር እያየሁ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አላውቅም፤ ችግሩ የኤሌክትሮኒክስ ሙያዬን የሚነካ ከሆነማ አያድርስ ነው። ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ፣ እንደ ትንሽ ኮምፒውተር የምትታዘዝ፣ ዋይፋይ ያላት ሰሌዳ ገዛሁ። ከእሷ ጋር ሪሌይ ገዛሁ፤ ሰሌዳዋ ስታዘው ጠቅ ብሎ የሞተሩን ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚቆርጥ ማብሪያ ነው። ሰሌዳዋ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እየጠየቀች፣ ልክ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሞተሩን እንድታስነሳ፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ እንድታጠፋ አድርጌ ኮዱን ጻፍኩ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ቀን ሞተሩ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ተነሳ። የሰዓት ልዩነቱን ማስገባት ረስቼ ኖሯል። አባቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

“ማሽንሽ ሌላ አገር ነው እንዴ የሚያድረው?”

አስተካከልኩት። ግድግዳው ላይ ያለውን አሮጌ ማብሪያ ግን አልነቀልኩትም፤ ምናልባት ኢንተርኔት ቢጠፋ ብዬ ሽቦውን ከሰሌዳዋ ጋር አገናኘሁት።

“በቃ አባባ፣ ከእንግዲህ ተኝተህ ማርፈድ ነው” አልኩት።

“እንግዲህ” አለ።

ደስ ያለው መስሎኝ ከተማው ሌላ ጫፍ ወዳለው ቤቴ ሄድኩ።

ሰሌዳዋ የሠራችውን ሁሉ እየመዘገበች ወደ ስልኬ ትልካለች። ከሳምንት በኋላ መዝገቡን ሳየው ግር አለኝ። በየማለዳው፣ ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ ላይ፣ አሮጌው ማብሪያ ሦስት ጊዜ በአጭሩ በራ ጠፋ፣ በራ ጠፋ ይልና በአራተኛው በርቶ ይቀራል። ሰው ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ሰው ማብሪያ የሚጫነው አንዴ ነው። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ የሚጠረጠረው ሽቦ ነው፤ እርጥበት ገብቶበት ይሆናል አልኩ። እናም ቢሮዬ ቁጭ ብዬ፣ ሻዬን በግራ እጄ እንደያዝኩ፣ ጥቂት መስመር ጨመርኩ፤ ሦስት አጫጭር ከመጡ ሰሌዳዋ ማብሪያውን ለግማሽ ሰዓት እንዳትሰማው አዘዝኳት። ከወንበሬ ሳልነሳ በኢንተርኔት ላክሁት። በማግስቱ ሞተሩ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳ። ኮራሁ። አንድ ስልክ መደወል ነበር የጎደለኝ፤ እሱንም አልደወልኩም።

ከወር በኋላ እህቴ ደወለች።

“አባባ አልጋ አልለቅ ብሏል።”

“ታሞ ነው?”

“ሐኪሙ ምንም የለበትም ነው የሚለው። ምግቡን ነካ ነካ ያደርግና ይተወዋል። ምን ሆነሃል ስለው፣ ‘ምን እሆናለሁ’ ይለኛል። ብትመጪ ጥሩ ነው።”

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ሄድኩ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ምድር ቤቱ መግቢያ ላይ ሱቅ ያላቸው ልብስ ሰፊ ገና ሲያዩኝ የስፌት መኪናቸውን አቆሙ።

“አንቺ ልጅ፣ አባትሽን ምን አደረግሽው?”

“እኔ? ምን አደረግኩት?”

“ማሽንሽ ከመጣም በኋላ እኮ መውረዱን አልተወም ነበር። ቀድሞት ይገባና ትር፣ ትር፣ ትር ያደርገዋል፤ ከዚያ ነው የሚለቀው። በቧንቧው ውስጥ ያደረው አየር ቀስ እያለ ካልወጣ መጋጠሚያውን ይመታዋል ይላል። መሥሪያ ቤትም እንዲያ ነበር አሉ የሚያስነሱት። ታዲያ አንድ ቀን እምቢ አለው።”

“ማን?”

“ሞተሩ ነዋ! ሦስቴ ትር ይልለትና ከዚያ ቢያበራ ዝም፣ ቢያጠፋ ዝም። ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወጣ። ገና ደረጃውን ሳይጨርስ ሞተሩ በራሱ ጊዜ ተነሳ። ሰባት ቀን ሙሉ እንዲህ ሆነ። በሰባተኛው ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ ‘እጄን ጠላው’ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልወረደም።”

ደረጃው ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ሰሌዳዋ ላለመስማት የታዘዘችውንም ለብቻ ትመዘግበዋለች፤ እኔ ግን ከፍቼው አላውቅም ነበር። እዚያው ስልኬን አውጥቼ ከፈትኩት። ሰባት ማለዳ አለ። በሰባተኛው ማለዳ አባቴ ማብሪያውን አርባ አንድ ጊዜ ተጭኖታል። አርባ አንድ ጊዜ አባቴ ጠራኝ፣ እኔ ደግሞ እርጥበት ነው አልኩት። አፌን በእጄ ይዤ አለቀስኩ። ልብስ ሰፊዋ መኪናቸውን ሳያስነሱ ቆሙልኝ።

የጨመርኩትን አጠፋሁ። ፕሮግራሙንም ጭምር ሰረዝኩት፤ ሞተሩ ያለ አባቴ እጅ እንዳይነሳ አደረግኩ። ከዚያ ወጣሁ።

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ክንዱ ቀጥኗል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት።

“ሞተሩ አልጠላህም አባባ። እኔ ነኝ የዘጋሁብህ። ሳላውቅ ነው።”

እጁን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥቶ አየው።

“እኔ እኮ እጄ መስሎኝ ነው” አለ። “እጄ የከዳኝ መስሎኝ።”

“ነገ አንተ ካላስነሳኸው አይነሳም።”

ዞር ብሎ አየኝ። ያን ማታ ሳህኑን ጨረሰ፤ እህቴ ወጥ ቤት ገብታ ጠቀሰችኝ። የዳነ መሰለን።

ማለዳ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። አባቴ ተነስቶ፣ ሸሚዙን ቆልፎ፣ ጫማውን አጥልቋል። ልደግፈው ስል በእጁ ከለከለኝ። ሦስት እርምጃ ሄደ። በአራተኛው ጉልበቱ ታጠፈና ወንበሩን ያዘ። እንደገና ሞከረ፤ በሩ ድረስ እንኳ አልደረሰም። አምስት ሳምንት መተኛት ለእሱ ዕድሜ ቀላል አይደለም። ያ እግር ከእንግዲህ ደረጃ እንደማይወርድ እኔም አወቅሁ፣ እሱም አወቀ።

“ልሸከምህ” አልኩት። “ከእህቴ ጋር ሆነን ከነወንበሩ እናወርድሃለን።”

“ስንት ሰዓት ነው?”

“አሥራ አንድ ተኩል።”

“ማሽንሽን መልሺው።”

“አባባ—”

“ሰው ውሃ ይጠብቃል፣ ልጄ። መልሺው።”

ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ። እሱ አልጋው ላይ ተመልሶ ተቀምጦ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ሦስት አጭር፣ በየመሀሉ አንድ ትንፋሽ ያህል ዕረፍት፣ ከዚያ ረጅሙ። አንዴ ተሳሳትኩና በትዕግሥት ደገመልኝ። ሰዓቱ ላይ ስደርስ አሥራ ሁለት ብዬ ልጽፍ ስል አስቆመኝ።

“አሥር ደቂቃ ቀደም ይበል። ልብስ ሰፊዋ ባሏን የምታጥበው በማለዳ ነው፤ አልጋ ላይ ከዋለ አራት ዓመቱ። ሌላው ሳይሻማባት ትቅዳ።”

ስንት ጊዜ እዚህ ቤት ስገባ ስወጣ፣ ለምን ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ እንደሚወርድ ጠይቄው አላውቅም። እንዳለኝ አድርጌ ጻፍኩ፣ ላክሁት።

ሰዓቱ ደረሰ። ከታች ሞተሩ ሦስት ጊዜ ትር አለ፣ ከዚያ ለቀቀ። ቧንቧው የመመታት ድምፅ አላሰማም። አባቴ ውሃው ታንከሩ ውስጥ መውረድ እስኪጀምር ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ። ከዚያ ጫማውን እንዳወልቅለት እግሩን ዘረጋልኝ።