ተብታባው ዕጩ መምህር

ለሰው ልጅ ከተሰጡት ጸጋዎች ሁሉ አንደበት እጅግ የከበረ፣ እጅግም የሚያስፈራ ነው፤ አንደበቱ የተፈታለት በአደባባይ ይከብራል፣ ይሞገሳል፤ አንደበቱ የታሰረበት ግን ልቡናው በማስተዋል የተመላ ቢሆን እንኳ በጉባኤ መካከል እንደ ባዳ ይቆማል። ይህን መራራ እውነት፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ በደሴ ከተማ የምጣኔ ሀብት ተማሪ የነበረውን ልሣነወርቅን ያህል ያወቀው አልነበረም፤ ወላጆቹ በተስፋና በምርቃት ይህን ስም ያወጡለት ወጣት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተብታባ ነበርና።

ልቡ የተመኘው ግን የሁለተኛ ደረጃ መምህርነትን ነበር። ወላጆቹ ካረፉ በኋላ ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ ውብዓለም ነገሩ ሲያስጨንቃት ከርሞ አንድ ቀን፣ «ወንድምዓለም፣ ባንክ ቤት ብትገባ ማን ተናገር ይልሃል? ልጆች ጨካኞች ናቸው፤ ሲስቁብህ እኔ አልችለውም» አለችው። እርሱም ከራሱ ጋር ታግሎ፣ «እ... እኔ እችለዋለሁ፣ እታለም» ሲል መለሰላት። እንዲህ ይበል እንጂ ነፍሱ አላረፈችም፤ በየማለዳው ባዶ አዳራሽ ገብቶ ለወንበሮች ሲያስተምር፣ በዚያ የማይከዳው አንደበቱ በሰው ፊት እንደሚከዳው ጠንቅቆ ያውቅ ነበርና።

የማስተማር ልምምዱ የሚመዘንበት፣ የወደቀም ከመምህርነት የሚሰናበትበት ቀን በደረሰ ጊዜ፣ ፊተ ጽኑና ቃለ ቁጥብ የሆኑት መዛኙ መምህር ሀብተወልድ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ኋላ ተቀመጡ። ልሣነወርቅ በሰሌዳው ፊት ቆሞ፣ «የዛሬው ትምህርታችን ስለ ፍ... ፍ...» ብሎ ቀረ። በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠ ኑርሁሴን የተባለ ተማሪ ሳቀ፤ ሳቁም ከወንበር ወደ ወንበር ተሻግሮ ክፍሉን ሞላው። መዛኙ ብዕራቸውን አነሡ። ጠመኔው በወጣቱ ጣቶች መካከል ተሰበረ፤ በሩ በአጠገቡ ገርበብ ብሎ ነበርና፣ ወጥቶ ላለመመለስ እግሩ እጅግ ቸኮለ፣ ልቡም እጅግ ፈቀደ። ይሁን እንጂ ዓይኑን ከበሩ መልሶ፣ «እኔ ተ... ተብታባ ነኝ። ቃሉ ይወጣል፤ ግን ይዘገያል። ጠብቁኝ» አላቸው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ኑርሁሴንም ግማሽ በሐፍረት፣ ግማሽ በርኅራኄ፣ «ቲቸር፣ ፍላጎት ለማለት ነው?» አለ። የተዘረጋለትን ቃል ተቀብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ልሣነወርቅ ግን ራሱን ነቅንቆ፣ «አውቀሃል፤ ነገር ግን እኔ ል... ልበለው» አለና፣ ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ፣ ቃሉን ከጉሮሮው አወጣው። ከዚያም ሽንኩርት ሲወደድ ሠርግ የደገሰና መግዛቱን መተው የማይችል ሰው እንዴት እንደሚገዛ እየተደናቀፈ ሲያስረዳ፣ ኑርሁሴን፣ «ሠርግ የሌለበትስ?» ብሎ ጠየቀ፤ አንዲት ተማሪም ተከራከረችው፤ ክርክሩም እስኪደወልና ከተደወለም በኋላ ቀጠለ።

ተማሪዎቹ በመጨረሻ ሲበተኑ መምህር ሀብተወልድ ወደ እርሱ ቀረቡ። «ለአነጋገር ቅልጥፍና የሰጠሁህ ውጤት ዝቅተኛ ነው፤ የምዋሽልህ ነገር የለም» አሉት። ልሣነወርቅ አንገቱን ደፋ። «ነገር ግን ሲደወል ደብተሩን ያጠፈ ልጅ አላየሁም። አልፈሃል።» ዕውቀትን ከልብ ወደ ልብ የሚያሻግራት፣ ሰሚው ተናጋሪው እስኪጨርስ ለመጠበቅ የፈቀደበት ያ የጸጥታ ጊዜ ነውና።