ሻምበልና የአማት አበባ

ይሉኝታ ሰው ይገድላል ሲባል ሰዓት ሠሪው ይስቅ ነበር። ድመት ላይም እንደሚደርስ ማን ነግሮት!

ነገሩ የጀመረው አማቱ አንድ ቅዳሜ እቅፍ ሙሉ ሊሊ ይዘው የመጡ ዕለት ነው። ነጭ፣ ትልልቅ፣ መሐሉ ቢጫ ዱቄት ያዘለ፣ ሽታው ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት የሚገባ አበባ። ሰዓት ሠሪው ገና ሲያየው ዓይኑ ድመቱን ፈለገ። በቅርቡ ሻምበልን፣ ያንን ወፍራም ጥቁር ድመቱን፣ ሊያስከትብ ወስዶት የእንስሳት ሐኪሟ አጥብቃ አስጠንቅቃው ነበር። «ጋሼ፣ ሊሊ ቤትዎ እንዳይገባ። ቅጠሉም፣ አበባውም፣ የተቀመጠበት ውኃም ሳይቀር የድመት ኩላሊት ይጨርሳል። ዱቄቱ ፀጉሩ ላይ አርፎ ቢልሰው እንኳ ይበቃዋል» ብላዋለች።

ሻምበል ደግሞ እንዲሁ ድመት አይደለም። ሰዓት ሠሪው ቀኑን ሙሉ ጥቃቅን ብሎን ሲያይ የዋለ ዓይኑን ይዞ ሲገባ በር ላይ የሚቀበለው እሱ ነው፤ ጋደም ሲል ደረቱ ላይ ወጥቶ የሚያንኮራፋለትም እሱ ነው። ሚስቱ እንኳ «እኔን እንደሱ ብታየኝ ምን ነበረበት!» ትላለች።

ታዲያ «እማማ፣ ይሄ ለድመት መርዝ ነው» ማለት ምን ይከብዳል? ለሌላው ሰው ምንም። ሰዓት ሠሪው ግን አንድ ጊዜ «ሾርባው ጨው አልበዛበትም?» ብሎ አማቱ ለወራት አኩርፈውታል። ስለዚህ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለና «ኧረ እማማ! እንዴት ያምራል!» አለ።

እሳቸው ሲወጡ ሚስቱን ጓዳ ጠራት።

«ንገሪያቸው።»

«እኔ? እናቴን? ባለ ድመቱ አንተ!»

«ልጃቸው አንቺ!»

ዝም አይነቅዝም ተባባሉና ተለያዩ። ዝም አይነቅዝም እውነት ነው፤ ኩላሊት ግን ይነቅዛል። እሱ አበባውን በጋዜጣ ጠቅልሎ መንገድ ዳር ያለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ከተተው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አማት «አበባዬስ?» አሉ።

«ሱቅ ወሰድኩት እማማ። ደንበኛው ሁሉ ሰዓቱን ረስቶ እሱን ነው የሚያየው!»

አቤት ውሸት! የአማት አንጀት ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሁለት እቅፍ ሆነ፤ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለሱቅ። ከሰፈሩ ሁሉ ያማረው የቆሻሻ ገንዳው ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ደግሞ አማቱን መስኮቱ ሥር ተንበርክከው አገኛቸው። ያበበ ሊሊ ከነሥሩ በረድፍ ተክለው አፈሩን በእጃቸው ይጠቀጥቃሉ። «ከምመላለስ እዚሁ ይብቀልልህ ብዬ ነው ልጄ። ደስ አለህ?»

ሰዓት ሠሪው ቀና ብሎ የተከፈተውን መስኮት አየ። «በጣም» አለ።

ከዚያ በኋላ የዚያ ቤት መስኮት ተዘጋ። ሰዓት ሠሪው ነፋስ አይስማማኝም ብሎ፣ በዚያ ሙቀት ሻርፕ ጠምጥሞ ተቀመጠ። ሚስቱ ላቧን እየጠረገች «ሆድ ይፍጀው» ትላለች። አማች ታመመ ሲባል አማት ሾርባ ይዘው ከች አሉ። «እንዲህ ታፍኖ ሰው ይድናል እንዴ! አበባህን እያሸተትክ ተኛ» ብለው መስኮቱን ብርግድ አደረጉት።

ሻምበል ሰው እስኪነግረው አልጠበቀም። ከሶፋው ዘሎ ወጣ። ሰዓት ሠሪው ሻርፑ እግሩ ላይ ተጠምጥሞበት ደጅ እስኪደርስ ድመቱ ከሊሊው መሐል ብቅ አለ፤ ጥቁር አፍንጫው ቢጫ ሆኗል፣ ከንፈሩን ይልሳል።

«ወይኔ ልጄ!» ብሎ በሻርፑ ጠቀለለውና በነጠላ ጫማ ሮጠ። አማት ከኋላ «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» እያሉ ይከተላሉ። እሱ እየሮጠም አልተወም፦ «ምንም አይደል እማማ፣ ትንሽ ሆዱን ነው!»

ሐኪሟ ድመቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ «ምን በላ?» አለች።

ሰዓት ሠሪው አማቱን አየ። «እንግዲህ... የሆነ ነገር...»

«ጋሼ፣ የሆነ ነገር የሚባል መርዝ የለም! ሳላውቅ ምኑን ላክመው?»

ሻምበል ቀና ብሎ አየው። ሰዓት ሠሪው ያን ዓይን አልቻለውም። «ሊሊ ነው» አለ። «የእማማ ሊሊ። መርዝ እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ።»

ሐኪሟ ጊዜ አላጠፋችም፤ ፀጉሩን አጥባ ግሉኮስ ሰካችለት። ቶሎ መምጣቱ እንደበጀው፣ ነገር ግን ኩላሊቱ መትረፉ እስኪለይ እዚያው እንደሚቆይ ነገረቻቸው። አማትና አማች ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«እኔ እኮ» አሉ አማት በመጨረሻ፣ «የሊሊ ሽታ ራሴን ያዞረኛል።»

«ምን አሉ እማማ?»

«ጎረቤቴ ሰጥታኝ እምቢ ማለት አፈርኩና አንተ ላይ ጣልኩት። አንተ በደስታ ስትፈነድቅ ታዲያ እንዴት ልተው? በዚህ ጉልበቴ አፈር ስቆፍር! ምናለ ብትነግረኝ?»

ሁለቱም ግንቡን እያዩ አለቀሱ፤ ቀጥለው ሳቁ፤ ሐኪሟ ብቅ ብላ ምን ነካቸው ብላ ገባች።

ሻምበል ተረፈ። ሊሊውን ሁለቱ አብረው ከሥሩ ነቅለው ጣሉ። የዚያን ዕለት አማት ሾርባ አቀረቡና ቆመው «እንዴት ነው? እውነቱን!» አሉት።

ሰዓት ሠሪው ሻምበልን አየ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ጨው በዝቶበታል።»

አማት ሳህኑን አንስተው፣ በሩን አላትመው ሄዱ። በማግስቱ አልመጡም፣ በሳልስቱም። ሚስቱ «እሰይ፣ እውነት ተናገርክ አሉ!» እያለች አላገጠችበት።

ቅዳሜ ግን አንዲት ትንሽ የሸክላ መትከያ ታቅፈው ከበሩ ቆሙ። «የስንዴ ቡቃያ ነው። ድመት እንደማይጎዳ ሐኪሟን ጠይቄ ነው። ለእሱ ነው፤ ለአንተ ምንም የለኝም።»

«ኧረ እማማ! እንዴት ያምራል!» አለ ሰዓት ሠሪው። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ።

ሻምበል ቀርቦ ቡቃያውን አሸተተ፣ አማትየዋን አንዴ ቀና ብሎ አየና ጀርባውን ሰጥቷቸው ሄደ።

አማት እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ከዚህ ቤት» አሉ፣ «ሰው የሆነው እሱ ብቻ ነው!»