ሰማያዊ ነው፣ ይመለሳል

…ስብከት መስሏት ነው እንጂ እህተማርያም ክፉ ሰው አይደለችም፣ ጌጤ ባልዲውን በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ ይዛ ይህንኑ ለስድስተኛ ጊዜ ለራሷ ትነግራለች፣ ማታቱው፣ የናይሮቢው ሚኒባስ፣ ከካሳራኒ ወጥቶ ቲካ መንገድ ላይ ይጋልባል፣ ሙዚቃው ወንበሩን ያንቀጠቅጠዋል፣ ሠላሳ ዘንግ አበባ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ማክሰኞ ስትደውልላት ምን ነበር ያለቻት? እህቴ፣ ሁርሊንግሃም ምግብ ቤትሽ በር ላይ ያለችውን ደረቅ መሬት ስጪኝ፣ አበባዬን ልትከልባት። ምን አበባ ነው? ሰማያዊ ነው፣ ሞተ ሲሉት ይነሳል፣ በየዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ሳቅ፣ ጌጥዬ፣ እናንተ ጴንጤዎች ደግሞ በአበባ መጣችሁ? እኔ በእመቤቴ ደህና ነኝ፣ ቻው።

ሰማያዊ። ቀለሙን ነበር ያለችው።

ቀለሙን ብቻ።

ደግሞ የምትቀየምበት ጊዜ የላትም፣ ሰኞ ሲሚንቶ ይመጣል፣ አከራይዋ አበባው ያለበትን ግቢ የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ነው፣ ፖሌ ሳና ማማ ሮሃ አላት፣ በጣም አዝናለሁ የሮሃ እናት፣ እውነትም ያዘነ ይመስላል፣ ሐዘኑ ግን ሲሚንቶውን አያቆመውም። ስምንት ዓመት። አበባ እርሻ ስትሠራ ጣሉት የተባለውን ሥር በፌስታል ይዛ ከወጣች ስምንት ዓመት። ሥሩ እንደ ካሮት ቁልቁል ነው የሚሄደው፣ ያረጀውን ነቅለው ቢተክሉት ይሞታል፣ ጣት ጣት አሳክለው ቆርጠው ቢቀብሩት ግን ይወጣል፣ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ቆርጣዋለች፣ ሠላሳ አንድ ቁራጭ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ከቆንጨራዋ ከፓንጋው ጋር። መሬቱ ገና አልተፈቀደም። ይፈቀዳል።

ማማ፣ እሾህሽ ሱሪዬን ያዘው፣ ይላል ኮንዳክተሩ በስዋሂሊ። ወዶህ ነው፣ ትለዋለች፣ ሰው ይስቃል።

እሾሃም መሆኑስ እውነት ነው፣ አገር ቤት ቢሆን ኮሸሽላ ብለው በማጭድ ይጥሉት ነበር። መስከረም አንድ ደግሞ ቢጫ ነው፣ የታወቀ ነው፣ እሷ ሰማያዊ እሾህ ይዛ ለዓውደ ዓመት። ይሁን። ሮሃ ትስቅባታለች፣ እማ፣ ናይሮቢ ኦተም የላትም፣ ያንቺ መጸው ኢማጂነሪ ነው። ልጅ ምን ታውቃለች፣ እስከ ሐምሌ አመድ የመሰለ ነው፣ የነሐሴ ብርድ ሲነክሰው ነው ዘንጉ ሳይቀር ሰማያዊ የሚሆነው፣ ይህ መጸው ካልሆነ ምንድነው?

ሁርሊንግሃም። ውረጂ።

አስተናጋጇ ቤቲ በሩን ትከፍታለች፣ እትዬ የሉም፣ ልብስ እየቀየሩ ነው። ግድ የለም፣ አበባ መያዣ አላችሁ? ብርሌ ነው ያለን። ጴንጤዋ ጌጤ ብርሌ ስትደረድር እግዚአብሔር ይየው፣ ጠጅ አይደለም፣ ውሃ ነው። የታችኛውን ቅጠል መላጥ፣ ዘንጉን ውሃ ውስጥ በሰያፍ መቁረጥ፣ አንድ ብርሌ አንድ ዘንግ፣ ሁለት ይበዛል። ጠባቡ አንገት ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፣ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃኑ በውሃው እንዲያልፍ። ግድግዳው ላይ ማርያም ተስላለች፣ መጎናጸፊያዋ ይኸው ራሱ ቀለም። የእመቤትሽ ልብስ ነው ብትላት ነገሩ በአንድ ቃል ያልቃል፣ ያልቃል፣ ግን አትልም። በማታምንበት ቃል መሬት አትለምንም። አበባው ራሱ ይለምን።

እህተማርያም ነጠላዋን እያስተካከለች ትመጣለች፣ ትቆማለች። ይሄ ምንድነው፣ ኮሸሽላ? ዘመዱ ነው። ቢጫውስ? ቢጫው መሃል ጠረጴዛ ላይ ነው፣ አልነካሁትም። ጌጥዬ፣ እንግዳ በእሾህ ይቀበሏል? ጌጤ ልትመልስ ስትል ጋሽ ባልቻ ይገባሉ፣ የዓውደ ዓመቱ የመጀመሪያ እንግዳ፣ ሁሌም ቀድመው የሚመጡት፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ መነጽራቸውን አውጥተው ብርሌው ላይ ጎንበስ ይላሉ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ አላየሁም፣ ምንድነው እህተማርያም?

ሰማያዊ ነው ጋሽዬ፣ ትላለች ሳታስብ፣ የቤት እመቤት ኩራት ነው የሚናገረው፣ በየዓመቱ ተመልሶ ይመ…

ወደ ጌጤ ትዞራለች።

ቀለሙን ነበር እንዴ ያልሽኝ?

ቀለሙን።

ሞተ ሲሉት ይነሳል ያልሽውስ?

እሱም አበባው ነው።

ነጠላዋን አፏ ላይ ትጭናለች፣ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል፣ ጋሽ ባልቻ ምን ተባለ ይላሉ፣ ማንም አይነግራቸውም። ሂጂ፣ ትላለች እህተማርያም ትንፋሿ ሲመለስ፣ ሂጂና ቆፍሪ፣ እኔን ሰባኪ አድርገሽኝ አረፍሽው።

መሬቱ ደረቅ ነው፣ ፓንጋው ይነጥራል፣ ደግማ ትመታዋለች፣ ይነጥራል፣ ደግማ። ከሥር ለስላሳ ነው። ወፍራሙ ጫፍ ወደ ላይ፣ ቀጭኑ ወደ ታች፣ ተሳስቶ የተገለበጠ አይወጣም፣ አንድ በአንድ፣ ሠላሳ አንዱንም። ከውስጥ የእህተማርያም ድምፅ ለሌላ እንግዳ፣ ይመለሳል፣ በየዓመቱ ይመለሳል። ጌጤ አፈሩን በመዳፏ ትጫነዋለች። የሚቀጥለው፣ ወፍራሙ ወደ ላይ።